የትራውት እንቁላሎቼ በአንድ ሌሊት ነጭ ሆኑ፤ ምን አጠፋሁ?

እርጥብ ቦቲ

ሰላም ለሁላችሁ። ዓሣ ማስፈልፈያ ውስጥ ሥራ ከጀመርኩ ሁለት ወር አልሞላኝም። ዛሬ ልቤ ስብር ብሎ ነው የምጽፈው።

የቡናማ ትራውት እንቁላል ነው። ከአንዲት ሴት የወጣ፣ 2,000 ገደማ። ውሃው 8 ዲግሪ ላይ የረጋ ነው። በቀን ሁለቴ እለካለሁ። እስከ 12ኛው ቀን ድረስ ሁሉም ደህና ነበር። ብርቱካንማ፣ ጥርት ያሉ፣ መብራት ሲያርፍባቸው እንደ ጨሌ የሚያበሩ። 13ኛው ቀን ላይ ከሥራቸው ደለል አየሁና "ላጽዳው" አልኩ። እንቁላሎቹን ወደ ሌላ ትሪ ገለበጥኳቸው፣ የመጀመሪያውን አጠብኩ፣ መለስኳቸው። ሁለት ደቂቃ አልፈጀም።

ዛሬ ጠዋት ክዳኑን ስከፍት ከሲሶው በላይ ነጭ። ኖራ የተረጨበት ይመስላል። በወረንጦ እየለቀምኩ 740 ቆጠርኩና ተውኩት።

ሙቀቱ አልተለወጠም፣ ውሃውም አልተቋረጠም። በሽታ ነው ወይስ እጄ ነው? እጄ ከሆነ ደግሞ፣ ወንዝ ውስጥ ያሉት በዚያ ሁሉ ውሃ ሲናጡ እንዴት አይሞቱም?

ዝም ብዬ አንባቢ

ነፍስ ይማር። (ሌላ የማውቀው ነገር የለም፣ ወሬው እንዳያመልጠኝ ነው የጻፍኩት።)

ጋሽ ጠጠር

ልጄ፣ በሽታ አይደለም። እጅሽ ነው። አትከፊ፣ እኔም በመጀመሪያው ዓመቴ ያንኑ ሠርቻለሁ፣ ያውም ካንቺ በአሥር እጥፍ።

የትራውት እንቁላል ሁለት ዕድሜ አለው፤ የሚነካበትና የማይነካበት። እንደተዳቀለ ውሃ ይጠጣል፣ ያብጣል፣ ቅርፊቱ ይጠነክራል። በዚያ የመጀመሪያ ቀን ውስጥ በጥንቃቄ ብታዘዋውሪው ይችላል። ከዚያ በሩ ይዘጋል። ጽንሱ አስኳሉን ከላይ ወደ ታች ቀስ እያለ እየሸፈነ የሚሄድበት ጊዜ ነው። ሸፍኖ እስኪጨርስ ድረስ አስኳሉን የያዘው አንድ ስስ ሽፋን ብቻ ነው። ያ ሽፋን ከተቀደደ አለቀ።

ነጭ የሚሆነው ለምን መሰለሽ? አስኳሉ ውስጥ ያለው ፕሮቲን ሟሙቶ የሚቆየው ጨው ስላለ ነው። ሽፋኑ ሲቀደድ ጨው ይወጣል፣ ውሃ ይገባል፣ ፕሮቲኑም ይረጋል። ያየሽው ኖራ እሱ ነው።

አሁን ቀን አትቁጠሪ፣ ዲግሪ-ቀን ቁጠሪ። የውሃው ሙቀት ሲባዛ በቀኑ ማለት ነው። 8 ጊዜ 13፣ 104። የቡናማ ትራውት ዓይን ጥቁር ነጥብ ሆኖ የሚታየው ከ220 እስከ 250 ገደማ ሲደርስ ነው። ስለዚህ አንቺ የገባሽው ልክ በክፉው ሰዓት ነው። ዓይን እስክታዪ ድረስ ትሪውን እንዳትነኪ። ነጮቹን መልቀም ካለብሽ አንድ በአንድ፣ ጎረቤታቸውን ሳትነቀንቂ። ጭራሽ መተውም አያዋጣም፣ የሞተ እንቁላል ላይ ሻጋታ ይበቅልና ወደ ደህናው ይሻገራል።

ስለ ወንዙ ያነሳሽው ጥያቄ ጥሩ ነው። ወንዝ ውስጥ ያለው እንቁላል አይናጥም። ጠጠር ሥር ተቀብሮ ዝም ብሎ ነው የሚከርመው። ጎርፍ መጥቶ ጠጠሩን ከነቀለው ግን እንዳንቺው እንቁላል ይሆናል።

እርጥብ ቦቲ

ጋሼ፣ እግዜር ይስጥልኝ። የበላዬ "ውሃው መጥፎ ነበር" ብሎ አልፎት ነበር። 104 ሲሉኝ ነው የገባኝ።

ማስረጃ አምጡ

ይቅርታ፣ ከሥሩ ልጠይቅ። ሁሉም ዓሣ የገላው ሙቀት እንደ ውሃው አይደል እንዴ? ታዲያ "የቀዝቃዛ ውሃ ዓሣ" የሚባል የተለየ ነገር ምንድን ነው? ሙቅ ውሃ ውስጥ ቢገባ ቶሎ ያድግ ነበር እኮ። 8 ዲግሪ ላይ ሁለት ወር ከመጠበቅ 16 ላይ አንድ ወር አይሻልም?

ድግሪ ያንገላታው

እዚህ ላይ ልግባ፣ የምማረው ይኼንኑ ነው (ለዚያውም ማለቂያ የለውም)።

ነገሩ እንደ መቀስ ነው። ሁለት ስለት አለው። አንዱ ኦክስጅን ነው። በባሕር ጠለል ከፍታ 0 ዲግሪ ያለው ንጹህ ውሃ በሊትር 14.6 ሚሊግራም ኦክስጅን ይይዛል። 10 ዲግሪ ላይ 11.3። 20 ላይ 9.1። ውሃ ሲሞቅ የሚሟሟው ይቀንሳል። ሌላው ስለት የዓሣው ፍላጎት ነው። ሙቀት በ10 ዲግሪ ሲጨምር ገላው የሚያቃጥለው ኦክስጅን በግምት ሁለት እጥፍ፣ አንዳንዴ ሦስት እጥፍ ይሆናል። አቅርቦት ቁልቁል፣ ፍላጎት ሽቅብ። ስለቶቹ የሚገናኙበት ቦታ ላይ ዓሣው ይሞታል።

ቡናማ ትራውት ከ4 እስከ 19 ዲግሪ ገደማ ባለው ውስጥ ያድጋል፣ 13 እና 14 አካባቢ ይመቸዋል። 25 አካባቢ ሲደርስ ለጥቂት ቀናት እንኳ አይቆይም። ሌሎች ዓሦች 30 ላይ የሚንፈላሰሱት አስተዳደጋቸው፣ ኢንዛይማቸው፣ ደማቸው ለዚያ የተሠራ ስለሆነ ነው። "ቀዝቃዛ" የሚለው ስም የሚገልጸው ደሙን ሳይሆን አብዛኛውን ሕይወቱን ለማሳለፍ የሚችልበትን ጠባብ መስኮት ነው።

ስለ 16 ዲግሪው። እንቁላል ከእናቱም ይበልጥ ጠባብ ነው። የቡናማ ትራውት እንቁላል ከ12 ወይም 13 ዲግሪ በላይ ሲሆን ብዙው ይጠፋል። ትልቁ ዓሣ ሲሞቀው ምንጭ ወደሚፈልቅበት ጥግ ይሸሻል። እንቁላል እግር የለው። ስንጥብም የለው። ኦክስጅኑ በቅርፊቱ ሰርጎ መግባት አለበት፤ ስለዚህ ትልቅ እንቁላል ኦክስጅን የበዛበት፣ የቀዘቀዘ ውሃ የግድ ይለዋል።

ማስረጃ አምጡ

እሺ፣ መቀሱ ገብቶኛል። የመጨረሻዋ ዓረፍተ ነገር ላይ ግን ቆም በል። "ትልቅ እንቁላል ለመጠኑ የቆዳ ስፋቱ ያንሳል፣ ስለዚህ ይታፈናል" የሚለው ነገር በወረቀት ላይ ያምራል። እ.ኤ.አ. በ2002 በራሱ በቡናማ ትራውት ላይ የተሠራ ሙከራ ታትሟል። ኦክስጅን ያነሰበት ውሃ ውስጥ ትልልቆቹ ከትንንሾቹ የተሻለ ነው የቆዩት። ምክንያቱም የእንቁላል አብዛኛው ክብደት አስኳል ነው፣ አስኳል ደግሞ እምብዛም አይተነፍስም። የሚተነፍሰው ጽንሱ ነው።

ድግሪ ያንገላታው

አግኝተኸኛል። ትምህርት ክፍል ውስጥ ለዓመታት ሲነገር የኖረ ነገር ስለሆነ ሳላላምጥ ተፋሁት። አስኳል ኦክስጅን አይበላም የሚለው ነጥብ ትክክል ነው። ይቺን ዓረፍተ ነገር ሰርዟት። ትላልቅ እንቁላሎች መኖራቸውን የሚያስረዳው ሌላው ነገር ነው፣ ጫጩቱ ከጠጠር ሲወጣ የሚያጋጥመው። እሱን ጋሽ ጠጠር ቢነግሩን ይሻላል፣ እኔ በወረቀት ነው የማውቀው።

ጋሽ ጠጠር

እሺ፣ ከመጀመሪያው ልንገራችሁ፣ ረዘም ይላል።

ሴቷ ታማርጣለች። የምትወደው ረጋ ያለው ጥልቅ ቦታ አልቆ ውሃው መፍጠን የሚጀምርበትን ጫፍ ነው። እዚያ ውሃው በጠጠሩ ላይ ብቻ ሳይሆን በጠጠሩ ውስጥም ይሄዳል። ጠጠሩም ይመረጣል። አብዛኛው ከገላዋ ርዝመት አንድ አሥረኛ ከበለጠ አታነሳውም። ለዚህ ነው ትልቋ ዓሣ ትልቁን፣ ትንሿ ትንሹን የምትይዘው።

ከዚያ በጎኗ ጋደም ትላለች፣ ጭራዋን አራት አምስት ጊዜ ታርገበግባለች። ከባሕር ዳር... ማለቴ ከወንዝ ዳር ሆኖ የሚያይ ሰው ድንጋይ የምትገፋ ይመስለዋል። ቀረብ ብላችሁ ስታዩ ጭራዋ ድንጋዩን እምብዛም አይነካውም። ጭራው ብድግ ሲል ውሃውን ይስባል፣ ጠጠሩ ከውሃው ጋር ይነሳል፣ ወንዙ ይቀበልና ክንድ ያህል ዝቅ አድርጎ ያስቀምጠዋል። ደለሉ ግን ቀላል ነው፤ እንደ ጭስ ሆኖ ይሄዳል። ስለዚህ ሥራዋ መቆፈር ብቻ አይደለም፣ ማጠብም ነው። ይህን ስትደጋግም የጭራዋ ጫፍ ተልጦ ነጭ ይሆናል። ወቅቱ ሲያልቅ ሴቶቹን በጭራቸው ትለያቸዋላችሁ።

ጉድጓዱ ሲበቃት ከሆዷ ሥር በስተኋላ ያለውን ክንፍ ታስገባና ትዳስሳለች፣ ሰው በጣቱ እንደሚለካው። ወንዱ ከጎኗ ይጠጋል፣ ገላው ይንቀጠቀጣል። ሁለቱም አፋቸውን በሰፊው ይከፍታሉ፣ እንቁላሉና ዘሩ አንድ ላይ ይወርዳል። ውሃው ለአፍታ ወተት ይመስላል። ዓይናችሁን ከጨፈናችሁ አመለጣችሁ።

አሁን ብልሃቱ ይመጣል። ሴቷ ወዲያው ትንሽ ሽቅብ ፈቀቅ ብላ አዲስ ጉድጓድ ትጀምራለች። የአዲሱ ጠጠር ወርዶ የፊተኛውን ይሸፍነዋል። አንድ ሥራ ለሁለት። ሲጨርሱ ከላይ በኩል ጎድጓዳ፣ ከታች በኩል ጉብታ ይቀራል። ውሃ ጉብታ ሲገጥመው ይገፋዋል፣ ከፊሉም ወደ ጠጠሩ ይሰርጋል። እንቁላሎቹ ከ10 እስከ 25 ሳንቲሜትር ገደማ ከታች ተቀምጠው አዲስ ውሃ በላያቸው ያልፋል። ማንም ሳይነካቸው፣ ብርሃን ሳያገኛቸው።

ለዚህ ነው ደለል ገዳይ የሚሆነው። ከላይ እርሻ ታርሶ፣ መንገድ ተቆፍሮ የሚመጣው ደቃቅ አፈር የጠጠሩን ቀዳዳ ይሞላዋል። እንቁላሉ ይታፈናል። ቢተርፍ እንኳ ጫጩቱ መውጫ ያጣል፣ በቁሙ ይቀበራል።

ዝም ብዬ አንባቢ

"ከባሕር ዳር... ማለቴ" 😂 ጋሼ፣ እዚህ ሁላችንም አንድ ነን።

ጋሽ ጠጠር

ዝም ብለህ አንብብ።

እርጥብ ቦቲ

ጋሼ፣ አንድ ነገር። እኛ ዘንድ ስናዳቅል እንቁላሉን በደረቅ ሳህን ላይ አድርገን፣ የወንዱን ዘር አፍስሰን፣ በላባ ካነቃነቅን በኋላ ነው ውሃ የምንጨምረው። ዓሣ የሚኖረው ውሃ ውስጥ ሆኖ ሳለ ውሃውን ለምን እንፈራለን? ጠይቄ "እንዲህ ነው የሚሠራው" ተባልኩ።

ድግሪ ያንገላታው

ይኼ ከምወዳቸው ነገሮች አንዱ ነው።

የትራውት ዘር በወንዱ ገላ ውስጥ እያለ ይተኛል። የሚያስተኛው በፈሳሹ ውስጥ ያለው ፖታሲየም ነው። ንጹህ ውሃ ሲነካው ፖታሲየሙ ይቀጥንና ይነቃል። ሲነቃ ደግሞ ያለው ጉልበት ለ30 ሰከንድ ያህል ብቻ ነው። ከዚያ ያልቅበታል። በሌላ በኩል እንቁላሉ ላይ ዘር የሚገባበት አንዲት ጠባብ ቀዳዳ ብቻ አለች። ውሃ ሲነካት እንቁላሉ ማበጥ ይጀምርና በአጭር ጊዜ ትዘጋለች።

ሁለት ሰዓት ቆጣሪ በአንድ ጊዜ ጀመረ ማለት ነው። እንቁላሉን ውሃ ውስጥ ከዘፈቅሽ በኋላ ዘር ብትጨምሪ ግማሹ በር ላይ ይቀራል። በደረቁ ስትቀላቅዪ ሁለቱም ተኝተው ይቀራረባሉ። ውሃው ሲመጣ ሁሉም እኩል ይነሳል። ስለዚህ ሳህኑ ላይ አንዲት ጠብታ እንኳ እንዳትኖር፣ እጅሽም ደረቅ ይሁን።

ወንዙ ውስጥ ያሉት ለምን እንደዚያ ተጣብቀው፣ አፋቸውን እኩል ከፍተው እንደሚለቁ አሁን ይገባሻል። ግማሽ ደቂቃ ነው ያላቸው።

ሌላም ልጨምር። የትራውት እናት እንቁላሏ ሲበስል ወደ ሆዷ ክፍት ቦታ ይወድቃል፣ ልቅ ሆኖ ይቀመጣል። ሆዷን ስትጫኚ የሚፈስልሽ ለዚህ ነው። ግን ብዙ አይቆይም። 10 ዲግሪ አካባቢ ከሳምንት አልፎ ወደ 10 ቀን ሲጠጋ ጥራቱ ይወርዳል። "ነገ እናልባታለን" እያሉ ማቆየት የራሱ ዋጋ አለው።

የመስታወት ገንዳ

እኔ ቤት ውስጥ ሌላ ዓይነት ዓሣ ነው የማሳድገው፣ ሙቀቱን ከፍ ሳደርግ ይወልዳሉ። የናንተዎቹም ውሃ ሲቀዘቅዝ ነው የሚነሱት?

ድግሪ ያንገላታው

ዋናው የቀኑ ርዝመት ነው። ሙቀቱ ሰዓቱን ያስተካክላል እንጂ አያስጀምርም። ዓይንና አንጎል ላይ ያለው የጥድ ዕጢ ብርሃኑን ይለካሉ፣ አንጎሉ ሆርሞን ይልካል፣ የእንቁላል ማፍሪያው ኢስትሮጅን ያመነጫል። ኢስትሮጅኑ ጉበት ሲደርስ ጉበቷ የአስኳል ፕሮቲን ማምረት ትጀምራለች፣ በደም አድርጋ ወደ እንቁላሎቹ ትልካለች። ወራት የሚፈጅ ሥራ ነው። ለዚህ ማርቢያዎች በመብራት ብቻ "ዓመቱን" እያሳጠሩና እያስረዘሙ ያለወቅቱ እንቁላል ያገኛሉ።

ይህን ካነሳን፣ የወንድ ጉበትም ይህን ፕሮቲን መሥራት ይችላል፣ ኢስትሮጅን ስለማያዘው ብቻ ነው የማይሠራው። እ.ኤ.አ. በ1994 በታተመ ጥናት እንግሊዝ ውስጥ ወንድ ቀስተ ደመና ትራውቶችን በሽቦ ቤት አድርገው ከፍሳሽ ማጣሪያ ጣቢያዎች በታች አስቀመጧቸው። ወንዶቹ የአስኳል ፕሮቲን በደማቸው ተገኘ። ውሃው ውስጥ ኢስትሮጅን መሰል ነገር ነበረ ማለት ነው።

ማስረጃ አምጡ

አሁን አንድ ጉድጓድ ልቆፍርላችሁ። እስካሁን "የቀዝቃዛ ውሃ ዓሣ ጥቂትና ትላልቅ እንቁላል ጥሎ ይቀብራል" እያላችሁ ነው። ትራውት በኪሎ ክብደቷ 1,500 ወይም 2,000 ያህል ትጥላለች፣ እያንዳንዱ 4 ወይም 5 ሚሊሜትር። ጥሩ። በርቦት የሚባለው ዓሣስ? እሱም የቀዝቃዛ ውሃ ነው፣ ያውም የባሰው። የሚራባው በክረምቱ ልብ፣ በረዶ ሥር፣ በሌሊት፣ ውሃው ከ1 እስከ 4 ዲግሪ ሲሆን ነው። ጉድጓድ አይቆፍርም። እየተጠላለፉ እንደ ኳስ ይሆኑና ይለቁታል። አንዲት ትልቅ ሴት ከሚሊዮን በላይ ልትጥል ትችላለች፣ አንዱ 1 ሚሊሜትር ገደማ። ታዲያ ቅዝቃዜው ነው እንቁላሉን የሚወስነው?

ድግሪ ያንገላታው

አይደለም፣ አልተሳሳትክም። ቅዝቃዜው የሚወስነው ጊዜውን ነው። ጊዜው ረጅም ከሆነ ደግሞ እናት ሁለት መላ አላት። ወይ ጥቂቱን በደንብ ታስታጥቃለች፣ ወይ ብዙውን ትበትናለች።

የትራውት ጫጩት ከጠጠር ሲወጣ የሚጠብቀው ፈጣን ውሃ ነው። የሚበላው በውሃ የሚንሳፈፍ የነፍሳት እጭ ነው፣ ያንን ለመያዝ አፉ ትንሽ ሰፋ ማለት አለበት፣ ገላውም ወራጁን መቋቋም አለበት። ቦታ ይዞ ከጎረቤቱ ይጣላል። ትንሽ ሆኖ የወጣ ይገፋል፣ የተገፋ ይወሰዳል። ስለዚህ ትልቅ አስኳል ስንቅ ነው። የበርቦት ጫጩት ግን ሲፈለፈል በሐይቅ ውሃ ላይ ይንሳፈፋል። የሚጣላው የለም፣ የሚያስፈልገው ዕድል ነው። በዕድል ለመጫወት ሚሊዮን ዕጣ መቁረጥ ይሻላል።

በመሃልም ብዙ መንገድ አለ። የሐይቅ ቻር የምትባለው የትራውት ዘመድ በሌሊት በድንጋያማ ጥልቀት ላይ ትጥላለች፣ ጎጆ የለም፣ እንቁላሉ ራሱ ስንጥቅ ውስጥ ይገባል። ስከልፒን የሚባለው አፈ ሰፊ ትንሽ ዓሣ እንቁላሉን ከድንጋይ ጣሪያ ላይ ያጣብቃል፣ አባቱ ከሥር ሆኖ በክንፉ ውሃ እያራገበ ይጠብቃል። ባይካል ሐይቅ ውስጥ ያለው ጎሎምያንካ ደግሞ ጨርሶ እንቁላል አይጥልም፣ የሚዋኙ ልጆች ይወልዳል።

ዝም ብዬ አንባቢ

አባት ሲጠብቅ እናት ምን ትሠራለች?

ድግሪ ያንገላታው

ትሄዳለች። ሌላም ሴት መጥታ እዚያው ጣሪያ ላይ ትጥላለች። እሱ የሁሉንም ይጠብቃል። (ሲርበው ከመካከላቸው ጥቂት ይበላል፣ ይህን ግን ለልጆች አትንገሩ።)

የመስታወት ገንዳ

በረዶ ሥር ደሙ አይረጋም? የባሕር ዓሦች ደም ውስጥ በረዶ የሚከላከል ነገር እንዳላቸው አንብቤአለሁ።

ድግሪ ያንገላታው

የንጹህ ውሃ ዓሣ አያስፈልገውም። ንጹህ ውሃ በ0 ዲግሪ ይረጋል። የዓሣ ደም ጨው ስላለበት እስከ −0.5 ገደማ አይረጋም። ውሃው ቀድሞ ይረጋል ማለት ነው። የባሕር ውሃ ግን እስከ −1.9 ስለሚወርድ እዚያ ያለው ዓሣ መላ ያስፈልገዋል። ደግሞም ንጹህ ውሃ የሚከብደው 4 ዲግሪ ላይ ስለሆነ፣ የሐይቅ ወለል በረዶ ሥር ሆኖ ከላዩ ይሞቃል።

ጋሽ ጠጠር

ስለ ወንዶቹ ማንም አላወራም፣ እኔ ልጨምር። ትልቁ ወንድ መንጋጋው ተቆልምሞ፣ ቀለሙ ደምቆ ሴቷን ሲጠብቅ፣ ከጠጠሩ ጥግ ሁሌም ጣት የሚያህል ነገር ይኖራል። ጫጩት መስሎኝ ነበር ድሮ። ኋላ ስይዘው ሆዱን ስነካው ዘር ፈሰሰው። በሳልሞን በተለይ የታወቀ ነው። ወንዙን ለቆ ባሕር ሳይወርድ፣ ገና በልጅነቱ የጎለመሰ። ትልቁ ሲታገል እሱ ሾልኮ ይገባል። ከእንቁላሎቹ የተወሰነው የሱ ይሆናል።

ማስረጃ አምጡ

ሴቷም ታታልላለች። የስዊድን ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ2001 ያሳተሙት አለ፣ በቡናማ ትራውት ላይ። ሴቷ ትንቀጠቀጣለች፣ አፏን ትከፍታለች፣ ወንዱ ዘሩን ይለቃል፣ እሷ ግን አንድ እንቁላል አትጥልም።

ዝም ብዬ አንባቢ

ኧረ ተዉኝ። በዚህ ክር የተማርኩት ሁሉ ሌላ ቦታ የማይነገር ነው።

እርጥብ ቦቲ

ተመልሻለሁ። 30ኛው ቀን ነው፣ 240 ዲግሪ-ቀን።

ጋሼ እንዳሉት ትሪውን ጨርሶ አልነካሁም። ነጩን በወረንጦ፣ ትንፋሼን ይዤ። ደለሉን አየሁት፣ እጄን በኪሴ አደረግሁ። በጠቅላላው 911 ለቀምኩ። ትናንት ማታ ክዳኑን ትንሽ ከፍ አድርጌ በባትሪ ብርሃን አየሁና ጮህኩ። እያንዳንዱ እንቁላል ውስጥ ሁለት ጥቁር ነጥብ። ዓይን! አንዱን ተጠግቼ ሳየው ዞር አለ። እዚያው ቅርፊቱ ውስጥ ተጠቅልሎ ዞረ።

አሁን ደግሞ የበላዬ "እንቁላሎቹን ከፍ አድርገሽ ባልዲ ውስጥ አፍስሺ" አለኝ። እያላገጠብኝ መሰለኝ። ጋሼ፣ እውነት ነው?

ጋሽ ጠጠር

እውነት ነው። አሁን ጽንሱ አስኳሉን ጠቅልሎ ጨርሷል፣ ደህናው አይቀደድም። ያልተዳቀሉት ግን እስካሁን እንደ ደህናው ጥርት ብለው ይቀመጣሉ፣ ዓይን ብቻ የላቸውም። በሥርዓት ስታናውጫቸው እነሱ ይቀደዱና በማግሥቱ ነጭ ይሆናሉ። ያኔ ትለቅሚያቸዋለሽ። ካልለቀምሽ ሞተው ሻጋታውን ለጎረቤት ያወርሳሉ።

ዓይኑ በደንብ ይጥቆር መጀመሪያ። ፈዘዝ ያለ ከሆነ ሁለት ቀን ጠብቂ። ከዚያ ውሃ ባለበት ባልዲ ውስጥ ከክንድ ከፍታ አፍስሻቸው። አትፍሪ።

የመስታወት ገንዳ

ከተፈለፈሉ በኋላ ወዲያው ይመገባሉ?

ጋሽ ጠጠር

የለም። 440 ዲግሪ-ቀን ገደማ ሲሞላ ይፈለፈላሉ፣ ግን ሆዳቸው ላይ ትልቅ የአስኳል ከረጢት ይዘው ነው። ዓሣ አይመስሉም፣ ብርቱካን የታቀፈ ክር ነው የሚመስሉት። ብርሃን ይጠላሉ፣ ወንዝ ውስጥ ቢሆን ወደ ጠጠሩ ጠልቀው ይገባሉ። ስንቁ ሊያልቅ ሲል፣ ወደ 800 ሲጠጋ፣ በሌሊት ሽቅብ ይወጣሉ። ከውሃው በላይ ብቅ ብለው አየር ይውጣሉ፣ በሱ የመዋኛ ፊኛቸውን ይሞላሉ። ያን ጊዜ ነው ምግብ የምትጀምሪላቸው። ብዙው የሚያልቀውም ያኔ ነው፣ በወንዙም በትሪውም።

እርጥብ ቦቲ

32ኛው ቀን ላይ አፈሰስኩ። እጄ ተንቀጥቅጧል፣ አልዋሽም። ከክንድ ከፍታ ሲወርዱ እንደ ጠጠር ነው የሚጮሁት።

ዛሬ ጠዋት ነጭ የሆኑት 58። የቀሩትን አንድ በአንድ ቆጠርኩ፤ 1,041። ሁሉም ዓይን አላቸው።

ጋሽ ጠጠር

ጎበዝ። አሁን ስንተኛ ላይ ነሽ?

እርጥብ ቦቲ

264።

ጋሽ ጠጠር

ሦስት ሳምንት ከአንድ ቀን። ክዳኑን ዝጊባቸው፣ ብርሃን አይወዱም።